የጥሪ ርክክብ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ



«ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በገባ ጊዜ ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማ ነበር፤ ድምፅ የሚጓዘው ሽቦው እስከ ተዘረጋበት ድረስ ብቻ ነበርና። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ግን በተናጋሪውና በመሥመሩ መካከል የነበረው ሽቦ ቀረ፤ ስሙ ብቻ ተረፈ። ሽቦው ከቀረ ዘንድ፣ ተናጋሪው በእግርም ሆነ በተሽከርካሪ ሲጓዝ ጥሪውን ከአንዱ ማማ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስረክብ ሥርዓት የግድ ያስፈልጋል። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ሥርዓት ነው።

ነገሩ የመሐንዲስ ጭንቀት ብቻ መስሎ ቢታይም የሚነካው ሰው ብዙ ነው። ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል በሽተኛ ይዞ የሚጓዝ አምቡላንስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበት፤ በዚህ ሁሉ መንገድ የጤና ባለሙያው ከሐኪም ጋር ለመመካከር የሚችለው ጥሪው ሳይቋረጥ ከማማ ወደ ማማ ሲተላለፍ ነው። የወገራ ገበሬ ወደ ገበያ ሲወርድ የገብሱን ዋጋ የሚጠይቀው፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የሚገኝ ሾፌር የመኪናውን ብልሽት የሚያስታውቀው፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም መንገደኛው በቴሌብር ገንዘብ የሚልከው በዚሁ ሥርዓት ተማምኖ ነው። መሥመሩ ሲቋረጥ ደንበኛው «ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ ያልፋል። የጠፋው ግን ሁልጊዜ ሞገዱ አይደለም፤ ሞገድ እያለ ርክክቡ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

የንግግሩ ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ በደጋ አገር ርክክብን በብርቱ የሚፈታተነው የተሽከርካሪው ፍጥነት ሳይሆን የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ መድኃኒቱም ችኮላ ሳይሆን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ርክክብ ማለት ምን ማለት ነው

ርክክብ የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት እንግዳ አይደለም። አንድ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሲዛወር ተተኪው ሳይመጣ ቁልፉን ጥሎ አይሄድም፤ ዕቃው ይቈጠራል፣ ሰነዱ ይጻፋል፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ፣ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ይሰናበታል። የጥሪ ርክክብም ከዚህ እጅግ አይርቅም። አንድ አንቴና የሚያገለግለው ክልል ሴል ይባላል። ተናጋሪው ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ሲቃረብ ስልኩ የጎረቤት ሴሎችን የሞገድ ኃይል ይለካል፤ ልኩን ለሚያገለግለው ማማ ይልካል፤ ተረካቢው ማማ ቦታ እንዲያዘጋጅ ይጠየቃል፤ ተረካቢው ሲፈቅድ «ወደዚያ እለፍ» የሚል ትእዛዝ ለስልኩ ይሰጣል፤ ስልኩም ከቀድሞው ማማ ተላቅቆ ከአዲሱ ጋር ይገናኛል። ይህ ሁሉ ሳይሰናከል ሲከናወን ተናጋሪው ምንም ሳያውቅ ጨዋታውን ይቀጥላል።

መሬትን በትናንሽ ሴሎች የመከፋፈል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ቀርቦ ነበር። ጥሪን ከሴል ወደ ሴል የማሻገሪያ ዘዴ የነደፈው የዚያው ላቦራቶሪ መሐንዲስ ኤሞስ ጆኤል የፈጠራ መብቱን ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሴልን በወረቀት ላይ መሣልና ጥሪን በሴሎች ድንበር ማሻገር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን በመካከሉ ያለፉት 25 ዓመታት ያመለክታሉ።

ጂ ኤስ ኤም በተባለው በሁለተኛው ትውልድ መረብ ስልኩ በጥሪ ላይ ሳለ በየ480 ሚሊ ሴኮንድ የልኬት ሪፖርት ይልካል፤ በአንድ ሪፖርት ውስጥም ከስድስት የማይበልጡ ጎረቤቶች ይጠቀሳሉ። በአራተኛው ትውልድ ደግሞ ስልኩ ሪፖርት የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነ ሁኔታ ሲሟላ ነው፤ ይኸውም ጎረቤቱ ከሚያገለግለው ማማ በተወሰነ ዴሲቤል በልጦ ሲገኝና ይህም ብልጫ ለተወሰነ ጊዜ ጸንቶ ሲቆይ ነው። የመጀመሪያውን የብልጫ ልዩነት፣ ሁለተኛውን የመታገሻ ጊዜ ብሎ መጥራት ይቻላል። የመታገሻው ጊዜ በደረጃው መሠረት ከዜሮ ጀምሮ እስከ 5,120 ሚሊ ሴኮንድ ድረስ ከተዘረዘሩት ልኮች አንዱ ሆኖ ይመረጣል።

የርክክብ ጥበብ በአብዛኛው የሚያርፈው በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ከልክ በላይ ከበዙ ርክክቡ ይዘገያል፤ ስልኩ ትእዛዙን ሳይቀበል ከአሮጌው ማማ ይለያል። ከልክ በታች ካነሱ ደግሞ ጥሪው ገና ኃይሉ ወዳልጸና ማማ ይሄዳል፤ ወይም በሁለት ማማዎች መካከል እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ይመላለሳል። ሦስተኛው ዓይነት ጥፋት ጥሪውን ለማይገባው ሴል ማስረከብ ነው።

አንድ መንገድ፣ ሁለት ሕመም

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር በሚያህል ከፍታ፣ በኮረብቶች መካከል ትገኛለች። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የፋሲል ግቢና በዙሪያው ያለው ከተማ ከፊቱ ተዘርግቶ ይታያል። ዓይን ያለ መጋረጃ ያየውን ስልኩም ያየዋል። በከፍታው ላይ ያለ ስልክ በአንድ ጊዜ ብዙ ሴሎችን ይሰማል፤ ሁሉም በኃይል ተቀራራቢ ሲሆኑ አንዱም ጌታ አይሆንም። በዚህ ጊዜ የሚታየው ሕመም መዋለል ነው፤ ጥሪው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ አንዱ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱም መመላለስ ድምፁ ለቅጽበት ይቈረጣል፤ አንድ ቀን አንዱ መሻገር ሲሰናከል መሥመሩ ጨርሶ ይጠፋል። ለዚህ ሕመም የሚስማማው መድኃኒት ትዕግሥት ነው፤ የብልጫውን ልዩነት ማስፋት፣ መታገሻውን ማርዘም፣ አንቴናዎቹንም ወደ ገዛ ሰፈራቸው ዝቅ አድርጎ ማዘንበል።

ከተማይቱ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ልዩ ፈተና ያገኛታል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ተነሥተው ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ጥር 11 ቀን በጥምቀትም ወደየመንበራቸው ሲመለሱ፣ ከአገር ውስጥና ከውጭ የመጣው ሕዝብ አብሮ ይጓዛል። ሕዝቡ ሲጓዝ ጥሪውም ይጓዛል፤ ጭነቱ በሰዓታት ውስጥ ከሴል ወደ ሴል ይሸጋገራል። ያን ጊዜ ተረካቢው ማማ ሞገዱ ብርቱ ሆኖ ሳለ ቦታ በማጣት ብቻ ርክክቡን እምቢ ሊል ይችላል። አዲስ ጥሪ ለማድረግ የሞከረ ሰው ቢከለከል ጥቂት ቆይቶ ይሞክራል፤ በንግግር መካከል የተቆረጠበት ግን እጅግ ይከፋዋል። ስለዚህ ከቦታው ጥቂቱን ለተሻጋሪ ጥሪዎች ብቻ ማስቀመጥ በሙያው ዘንድ የታወቀ ዘዴ ሲሆን፣ በሰልፉ መንገድ ላይ ያሉትን ሴሎች ከበዓሉ አስቀድሞ በዚሁ ሁኔታ ማዘጋጀት ይገባል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ምድሩ በድንገት ይሰበራል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቀየሰው የሊማሊሞ መንገድ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚህ ያለው ሕመም የከተማው ተቃራኒ ነው። የሚሰሙት ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ የሚያገለግለውም ማማ ከአንድ ጥምዝ በኋላ ከዓለት ጀርባ ይቀራል።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አንድ አውቶቡስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሴኮንድ 10 ሜትር ይጓዛል። የመታገሻው ጊዜ 640 ሚሊ ሴኮንድ ቢሆን አውቶቡሱ በትዕግሥቱ ጊዜ ብቻ 6.4 ሜትር ይሄዳል፤ ሪፖርቱ፣ ዝግጅቱና ትእዛዙ ሲጨመሩበት ርቀቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። በሜዳ ላይ 10 ሜትር ምንም አይደለም፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ውስጥ ያለ ስልክ እንኳ የማማውን ኃይል የሚያጣው በዝግታ ስለሆነ ለመታገሥ ጊዜ አለው። በዓለት ጥግ በሚታጠፍ መንገድ ላይ ግን የሞገዱ ኃይል በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ በ20 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ መቶኛ እጁ፣ ሊወርድ ይችላል። በዚህ የተነሣ በሊማሊሞ በዝግታ የሚወርድ አውቶቡስ በሜዳ ከሚከንፍ መኪና ይልቅ ለርክክብ ያስቸግራል። ለከተማው የተመረጠው ረጅም ትዕግሥት እዚህ ጥሪውን ይገድለዋል፤ ለገደሉ የሚስማማው አጭር ትዕግሥትም ከተማ ቢገባ መዋለልን ያመጣል። አንድ ዓይነት ልክ ለሁለቱም ማዘዝ ለወባና ለቁርጥማት አንድ ክኒን እንደ ማዘዝ ይሆናል።

የሚሰማ ግን የማይደረስ

የደጋ ሰው ከገደል ማዶ ለማዶ ተጠራርቶ መነጋገርን ያውቅበታል። ድምፁ ወዲያው ይደርሳል፤ እግሩ ግን ወንዙን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በሰሜን ተራሮች የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። ከሳንቃበር ወይም ከጨነቅ አፋፍ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ሆኖ ቆላውን ለሚያይ ስልክ እጅግ ሩቅ ያለ ማማ ከቅርቡ ይልቅ ጎልቶ ሊሰማው ይችላል፤ ቅርቡ በሸንተረር የተጋረደ፣ ሩቁ ግን ፊት ለፊት የሚታይ ነውና።

ጎልቶ መሰማት ግን ለማገልገል መብቃት አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ 300 ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ማማው የሩቁን ስልክ መልስ በተመደበለት ጊዜ ለመቀበል ስልኩ አስቀድሞ እንዲልክ ማዘዝ አለበት። በጂ ኤስ ኤም ይህ ማስቀደሚያ ከ63 እርከን አያልፍም፤ በርቀት ሲሰላም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለ ስልክ የማማውን ድምፅ ቢሰማም በተለመደው አሠራር አይገለገልበትም። በአራተኛው ትውልድ ደግሞ ስልኩ ወደ አዲስ ሴል ሲገባ የሚልከው የመግቢያ ምልክት በተለመደው ዓይነቱ ከ14 ኪሎ ሜትር ብዙ ለሚርቅ ስልክ አያገለግልም፤ ለሩቅ የሚሆኑ ሌሎች ዓይነቶች በደረጃው ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ሴሉ ሲቋቋም አስቦ የሚመርጣቸው ባለሙያ ይሻሉ። ይህ ካልተደረገ ማዶ ያለው ማማ በልኬት አሸናፊ ይሆናል፤ ርክክቡ ይታዘዛል፤ ስልኩ አሮጌውን ይለቃል፤ አዲሱ ግን አይሰማውም። ጥሪው በሁለቱ መካከል ገደል ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ችግር ሞክሼነት ነው። በአራተኛው ትውልድ ሴሎች በአየር ላይ የሚለዩባቸው መታወቂያ ቁጥሮች 504 ብቻ ስለሆኑ አንዱ ቁጥር በተለያየ ቦታ ለብዙ ሴሎች ይሰጣል። በሜዳ አገር ሞክሼዎቹ ስለሚራራቁ አይጋጩም። በተራራ ላይ ግን ሩቁ እንደ ቅርብ ስለሚሰማ ስልኩ «እገሌን ሰማሁ» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ማማው የሚያውቀው በዚያ ቁጥር የሚጠራውን የሌላ ሰፈር ሴል ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ባልተሰማው ሞክሼ ዘንድ ይዘጋጃል፤ ስልኩም ከተሰማው በር ደርሶ የሚከፍትለት ያጣል።

እንግዲህ በካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ አዙሮ ጎረቤትን መወሰን በዚህ አገር አይበጅም። በካርታ አምስት ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ማማዎች ሸንተረር ለይቷቸው በአየር ላይ ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ደግሞ ገደል ለገደል ተያይተው እውነተኛ ጎረቤቶች ይሆናሉ። መሣሪያው ጎረቤቱን ከስልኮች ሪፖርት ራሱ እንዲማር የሚያደርግ ዘዴ ቢኖርም፣ የተማረው ጎረቤት ለማገልገል የሚበቃ መሆኑን መርምሮ ማጽደቅ የሰው ሥራ ነው።

ያልተመዘገበው ጥፋት

በዚህ ቦታ ሙያውን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ቁም ነገር ይነሣል። የርክክብ ጥራት የሚመዘነው ከተሞከሩት ርክክቦች ስንቱ እንደ ተሳካ በመቁጠር ነው። ርክክብ ተሞከረ የሚባለው ደግሞ ማማው ሪፖርት ተቀብሎ ዝግጅት ሲጀምር ነው። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ስልኩ ሪፖርቱን ሳያደርስ ከማማው ቢለይ ርክክቡ አልተሞከረም፤ ስላልተሞከረም አልተሰናከለም። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው አንድ የተቆረጠ ጥሪ ብቻ ነው፤ እርሱም «የሞገድ ድክመት» በሚለው ዓምድ ሊጻፍ ይችላል። ከሁሉ የከፋው የርክክብ ጥፋት በርክክብ መዝገብ ውስጥ የማይገኘው ነው ማለት ይህ ነው።

የተመዘገበውም ቢሆን በአማካይ ውስጥ ይሰወራል። ለምሳሌ ያህል በአንድ አካባቢ በቀን 100,000 ርክክቦች ተሞክረው 99,000 ተሳኩ እንበል፤ ውጤቱ 99 በመቶ ስለሆነ የሚያስመሰግን ነው። ከነዚህ መካከል ግን በአንድ የገደል መንገድ ላይ 500 ተሞክረው 100 ከሽፈው ቢሆን፣ በዚያ መንገድ የሚጓዝ ሰው ከአምስት አንዱን ያጣል። አንድ ቡድን ለወራት ደክሞ መቶውንም ቢያቃና የአካባቢው ውጤት ከ99 ወደ 99.1 በመቶ ብቻ ከፍ ይላል። ሥራ የሚመዘነው በአማካይ ብቻ ከሆነ ማንም ወደ ገደሉ አይወርድም። ከተማይቱ ብዙ ጥሪ ስላላት ድምጿ በአማካዩ ውስጥ ይሰማል፤ የተራራው መንገደኛ ግን ጥቂት ስለሆነ ችግሩ ከመዝገብም ከጉባኤም ይቀራል።

ምን ይደረግ

አንደኛ፣ መለካት ያለበት መንገዱ ነው። ከጎንደር እስከ ዛሪማ ያለው መንገድ በመውጣትም በመውረድም፣ በበጋም በክረምትም በልኬት መኪና ሊፈተሽ ይገባዋል። በመውጣት የተሳካው ርክክብ በመውረድ ላይሳካ ይችላል፤ ወራጁን ድንገት የሚጋርደው ዓለት ለወጪው ድንገት የሚገልጥ ነውና። በክረምት ደግሞ ከኮረብታ ኮረብታ የሚያገናኙት የማይክሮዌቭ መሥመሮች በብርቱ ዝናብ ሲደክሙ በማማዎች መካከል የሚላላኩት መልእክቶች ሊዘገዩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ልኩ በየሴሉ፣ ከተቻለም በየጎረቤት ጥንዱ ይወሰን። ከፋብሪካ የመጣው ልክ ለመጀመሪያ ቀን የተሰጠ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። በገደል ጥምዝ ላይ ላሉት ጥንዶች መታገሻው ይጠር፤ በከተማው ኮረብታ ለሚሰሙት ይርዘም።

ሦስተኛ፣ የሩቅ ሴሎች ወሰን ይታወቅ። ማዶ የሚሰማ ማማ እንዲያገለግል ከተፈለገ የመግቢያ ምልክቱ ለርቀቱ የሚበቃ ይሁን፤ እንዳያገለግል ከተፈለገ አንቴናው ይዘንበል ወይም ከጎረቤት ዝርዝር ይውጣ። ሞክሼዎችም ከእርስ በርሳቸው እይታ ውጭ ይመደቡ።

አራተኛ፣ ማማ ሲጠፋ የሚተካው ይታሰብ። በመብራት መቋረጥና በነዳጅ እጦት አንድ የተራራ ማማ ሥራ ሲያቆም የሚፈጠረው ክፍተት ከከተማው ይልቅ ሰፊ ነው። ለእያንዳንዱ ሴል ከዋናው ጎረቤት ሌላ ሁለተኛ ተረካቢ፣ ከአራተኛው ትውልድም ወደ ሁለተኛው የሚወርድ መሸጋገሪያ አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ይገባል።

አምስተኛ፣ ሒሳቡ ይለወጥ። በአካባቢ አማካይ ፈንታ እጅግ የከፉት ጥንዶች በየወሩ ተለይተው ይቅረቡ። ከተቆረጡት ጥሪዎችም መካከል ስልኩ ወዲያው በሌላ ሴል ብቅ ያለባቸው ተለይተው ይቈጠሩ፤ እነዚህ ሞገድ እያለ ርክክብ የጎደላቸው ናቸው።

የዓለም ቴክኒክም ወደዚሁ አቅጣጫ እየሄደ ነው። ሥሪ ጂ ፒ ፒ በተባለው የደረጃ አውጪዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 በተጠናቀቀው 16ኛ እትም ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ርክክብ ተደንግጓል። በዚህ ዘዴ ማማው ትእዛዙን የሚሰጠው ሞገዱ ገና ብርቱ ሳለ ነው፤ ስልኩ ትእዛዙን ይዞ ይቆያል፤ የተባለው ሁኔታ ሲደርስ ሌላ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሻገራል። ከዓለቱ ጀርባ የሚጠፋው ትእዛዝ ከዓለቱ በፊት ኪሱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በዚያው እትም ስልኩ አዲሱን ሴል እስኪይዝ ድረስ አሮጌውን ሳይለቅ የሚቆይበት ዘዴም አለ። እነዚህ ግን ማማውም ስልኩም አዲስ እንዲሆኑ ይጠይቃሉ፤ በደጋው ገበያ ብዙ ሰው የሚይዘው ባለ ቁልፍ ቀላል ስልክ አይችላቸውም። ስለዚህ አዲሱን ዘዴ መጠበቅ ከላይ የተዘረዘሩትን አምስቱን ሥራዎች ለማቆየት ምክንያት አይሆንም።

ሲጠቃለል፣ ርክክብ የሚፋጠነው ሁሉ ነገር አስቀድሞ ሲታወቅ ነው፤ ተረካቢው ማን እንደሆነ፣ በምን ያህል ርቀት እንዳለ፣ በየትኛው ጥምዝ ላይ እንደሚያስፈልግ። ይህን ዕውቀት ማንም ፋብሪካ ከመሣሪያው ጋር አሽጎ አይልከውም፤ የሚገኘው መንገዱን በመመላለስ ነው። የሚቀጥለው የልኬት ጉዞ ሲታቀድ መኪናው ከደባርቅ ከተማ እንዳይመለስ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ደርሶ እንዲመጣ ማድረግ የዚህ ማኅበር አባላት ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው።